ጥርሱ ማንን ያዞራል? እንፋሎትና ብረት በፍራንሷ ስኩይተን ሥዕላዊ ልብ ወለዶች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥዕል ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ንግግሬን በአንድ ቀላል ሙከራ ልጀምር። እንደ እጅ ሰዓት ሆድ ዕቃ ያሉ ሦስት ጥርሳም ጎማዎችን በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ሦስቱም ይነካካሉ፤ የእያንዳንዱ ጥርስ በሌሎቹ ሁለቱ ጥርሶች መካከል ገብቷል። አሁን የመጀመሪያውን ወደ ቀኝ አዙሩት። ሁለተኛው ወደ ግራ ይዞራል። ሦስተኛውስ? ሁለተኛው ወደ ቀኝ ሊያዞረው ይገፋል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ወደ ግራ። ስለዚህ መዞር አይችልም። እሱ ሲቆም ሌሎቹም አብረውት ይቆማሉ፤ ሦስቱም ተቆላልፈው ይቀራሉ።

ይህንን የተቆላለፈ ሦስትዮሽ ስቲምፓንክ በተባለው፣ የእንፋሎት ዘመንን ማሽኖች ይዞ ምናባዊ ዓለም በሚሠራው የጥበብ ዘውግ ፖስተሮች፣ በመጽሐፍ ሽፋኖች፣ በባርኔጣና በቀበቶ ጌጦች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነሐስ ይመስላል፣ ያብረቀርቃል፣ ዓይን ይስባል፤ ግን ምንም አያዞርም። ባየሁት ቁጥር ቅር ይለኛል። የእንፋሎት ዘመን ማሽን ትልቁ ውበት ሲሠራ መታየቱ ነው ብዬ ስለማምን ነው። እሳቱ ውኃውን ያፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ዘንጉ ጎማውን ያዞራል። ከምክንያቱ እስከ ውጤቱ ያለው መንገድ ሁሉ ለዓይን ክፍት ነው። ዛሬ የማወራችሁ፣ የሚሥለው ማሽን ሁሉ አንድ ነገር ስለሚያዞርለት ሰው ነው፤ ስለ ቤልጂጋዊው ፍራንሷ ስኩይተን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቃሉን በአጭሩ ላንሣ። «ስቲምፓንክ» የሚለውን ስም ያወጣው አሜሪካዊው ደራሲ ኬ. ደብሊው. ጄተር ነው፤ 1987 ላይ ሎከስ ለተባለው መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ፣ እሱና ሁለት ወዳጆቹ ስለ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለሚጽፏቸው ምናባዊ ልብ ወለዶች መጠሪያ እንዲሆን ብሎ። ስኩይተን ግን የዕድሜ ልክ ሥራው የሆነውን ተከታታይ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ ያሳተመው 1983 ላይ ነው። ስሙ ሳይወጣ ሥራው ተጀምሮ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ «ተጽዕኖ» ስል፣ ስኩይተን ከስቲምፓንክ ቀዳ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ቀዱ፤ እሱ የቀዳበት እንስራ ግን የራሱ ነበር።

ስኩይተን 1956 ላይ በብራስልስ ተወለደ። አባቱም ወንድሙ ሉክም አርክቴክቶች ናቸው። እዚያው ብራስልስ ትምህርት ቤት እያለ በልጅነቱ የተዋወቀው ቤኗ ፔተርስ በኋላ የታሪኮቹ ጸሐፊ ሆነለት፤ አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ይጽፋል። አብረው የሠሩት ተከታታይ በፈረንሳይኛ «ሌ ሲቴ ኦብስኩር» ይባላል፤ እኔ «የጨለሙት ከተሞች» እለዋለሁ። ከእኛ ዓለም ጎን ለጎን ያለ ሌላ ዓለም ነው። ሀገሮች የሉትም፤ ከተሞች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከተማ በአንድ የግንባታ ስልት እስከ ጥግ የተጠመደ። ከዓለማችን ጋር የሚመሳሰሉ ስሞችና ሕንፃዎች ብቅ ይሉበታል፤ ብራስልስ እዚያ «ብሩዝል» ናት። በሰማዩ የአየር መርከቦች ይንሳፈፋሉ፤ በመንገዱ አንድ ጎማ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ገጹ እንቅረብ፤ በጣም የምወደው ነገር እዚያ ነው ያለው።

የስኩይተንን አንድ ገጽ ወስዳችሁ ጥላ ያረፈበትን ግድግዳ በአጉሊ መነጽር ብታዩት፣ ግራጫው ቀለም ግራጫ አይደለም። ጭረት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን የቀለም ጭረቶች፣ ጎን ለጎን፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ። ጭረቱ ሲቀራረብ ይጨልማል፤ ሲራራቅ ብርሃን ይገባል። ይህ አሣሣል ከየት መጣ? ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነው። ያኔ የፈረንሳዊው ደራሲ የዡል ቬርን ልብ ወለዶች ሲታተሙ ሥዕሎቻቸው በጠንካራ እንጨት ላይ በስለት ተቀርጸው ነበር ወረቀት ላይ የሚያርፉት። ስለት ግራጫ መሥራት አይችልም። መሥመር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሰማይም፣ ባሕርም፣ የብረት ገላም፣ የሰው ፊትም በጭረት ተሠራ። እንጨቱ የሚወሰድባት ዛፍ ቀጭን ስለነበረች ትልቅ ሥዕል ሲፈለግ ትንንሽ ጣውላዎች በብሎን ተገጣጥመው ይቀረጹ ነበር፤ ጣውላዎቹን ለያይቶ ለተለያዩ ቀራጮች ማከፋፈልም የተለመደ ነበር። የድሮ መጽሔት ካገኛችሁ በሥዕሉ መሀል የፀጉር ያህል የቀጠነ ነጭ መሥመር ሲያልፍ ታዩ ይሆናል፤ ጣውላዎቹ የተጋጠሙበት ስፌት ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የዚያ ዘመን ሰው ማሽንን ያየው በዚህ ጭረት ነው። ቦይለሩ፣ የብረት ድልድዩ፣ ባሕር ሰርጓጁ፣ ሁሉም ወደ አእምሮው የገቡት በጭረት ተስለው ነው። ስኩይተን ያንን እጅ ሲይዝ፣ አንባቢው አንድ ቃል ሳያነብ ዘመኑ ውስጥ ይገባል። ከእሱ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ዣክ ታርዲ 1974 ላይ ባወጣው የበረዶ ባሕር ታሪኩ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ ጥቁር የተቀባ ሰሌዳ እየፋቀ የቅርጽ ኅትመት እስኪመስል ድረስ ሠርቶታል። የታርዲ ጭረት ግን ሹፈት አለበት። የስኩይተን ጭረት እንደ አናጺ ነው፤ ይለካል፣ ያሰላል፣ ክብደት ይሰጣል። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ ብትሉኝ፣ ማሽን ለመሣል የስኩይተንን እመርጣለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሥዕላዊ ልብ ወለድ በባሕርዩ የምክንያትና የውጤት ጥበብ ነው። በአንዱ ክፈፍ እጅ ማንሻውን ይይዛል፤ በሚቀጥለው ክፈፍ ጎማው ዞሯል። በሁለቱ መካከል ባለው ነጭ ክፍተት ውስጥ ማሽኑን የሚያስነሣው አንባቢው ራሱ ነው። የእንፋሎት ማሽን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ክፍሎቹ ሁሉ ስለሚታዩ ዓይን ተከትሎ ይደርስበታል። ዛሬ በኪሳችን የያዝነውን ስልክ በዚያ መንገድ መሣል አይቻልም። ብንሥለው ጥቁር መስታወት ነው፤ ሲሠራም ሲበላሽም አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ስለ ስቲምፓንክ ሲወራ የመጀመሪያዋ እናት ተደርጋ የምትጠራው የቬርን ጀግና የካፒቴን ኔሞ ባሕር ሰርጓጅ ናውቲሉስ ናት። ናውቲሉስ ግን እንፋሎት የላትም። ቬርን በ1869 እና በ1870 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ የምትሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ካፒቴኑ ራሱ ለእንግዶቹ በዝርዝር ያስረዳል። ታዲያ ለምን የእንፋሎት ዘመን ምልክት ሆነች? ብረቷ፣ ብሎኗ፣ ክብ መስኮቷና ቤተ መጻሕፍቷ ስለሚታዩ ነው። እንግዶቹ በውስጧ እየዞሩ ይጎበኟታል፤ እያንዳንዱ ክፍል ይገለጥላቸዋል። ከእንፋሎቱ ይልቅ ሰውን የማረከው ይህ ግልጥነት ነው፤ ስኩይተንም የተረዳው ይህንኑ ይመስለኛል።

መረዳቱን ደግሞ በወረቀት ብቻ አላስቀረውም። ፓሪስ ውስጥ አር ኤ ሜቲዬ የተባለ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ከጣቢያው በላይ የጥንት ማሽኖችና የእጅ ሙያዎች ቤተ መዘክር ይገኛል። ቤተ መዘክሩን የያዘው ተቋም 1794 ላይ የተመሠረተ ነው፤ 200ኛ ዓመቱ 1994 ላይ ሲከበር በ11ኛው መሥመር ላይ ያለውን የጣቢያ መድረክ ስኩይተን እንደገና ነደፈው። ግድግዳውም ጣሪያውም ከዳር እስከ ዳር በመዳብ ሰሌዳ ተለብጧል፤ ሰሌዳዎቹ ሪቬት በሚባል የብረት ችንካር ተያይዘዋል። በግድግዳው ላይ እንደ መርከብ ያሉ ክብ መስኮቶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ትንሽ ትርኢት አለ። ከጣሪያው ደግሞ ግዙፍ ጥርሳም ጎማዎች ወደ ታች ብቅ ብለዋል።

እነዚያም ጎማዎች አይዞሩም፤ ያንን አልደብቅም። ከነገርኳችሁ ፖስተር ጋር ግን አንድ አይደሉም። ወደ ላይ ቀና ስትሉ የምታዩት የጎማውን የታችኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው ጣሪያው ውስጥ ገብቷል። ከጣሪያው በላይ ደግሞ እውነተኛዎቹ ማሽኖች አሉ። ኩኞ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1770 አካባቢ የሠራው በእንፋሎት የሚሄድ ጋሪ እዚያ ነው። ክሌማን አዴር 1897 ላይ ጨርሶት የነበረው አውሮፕላንም እዚያ ነው፤ ክንፎቹ የሌሊት ወፍ ክንፍ ይመስላሉ፣ ሞተሮቹም የእንፋሎት ናቸው። ያ አውሮፕላን በምናብ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ፤ በእጅ የተሠራ፣ ዛሬም ከደረጃው በላይ ተሰቅሎ የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው መድረኩ ላይ ሲቆም የአንድ ትልቅ ማሽን ወለል ውስጥ የቆመ ያህል ይሰማዋል፤ ጎማው የሚያዞረው ከላይ ያለውን ታሪክ ነው። ጌጥና ትርጉም የሚለያዩበት ድንበር እዚህ ይመስለኛል።

ስቲምፓንክን የሚወቅሱ ሰዎች አንድ እውነት ይዘዋል፤ የነሐሱን ብልጭታ አሳይቶ ጥቀርሻውን ይደብቃል ይላሉ። በቪክቶሪያ ዘመን ፋብሪካ ውስጥ ሕፃናት ይሠሩ ነበር፤ ፋብሪካዎቹን ይመግብ የነበረው ጥሬ ዕቃም በብዙ ቦታ ከቅኝ ግዛት በግፍ ይመጣ ነበር። መነጽርና ባርኔጣ ብቻ ይዞ ያንን መርሳት ያሳፍራል። ስኩይተንና ፔተርስ ለዚህ ወቀሳ የሰጡትን መልስ 1988 ላይ በወጣው «የአርሚሊያ መንገድ» ውስጥ አገኘሁት።

ታሪኩ የአንድ ልጅ የጉዞ ማስታወሻ ነው። ልጁ ፌርዲናንድ ሮቡር አትራስ ይባላል። ቬርንን ያነበበ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ ሮቡርም አትራስም የቬርን ጀግኖች ስሞች ናቸው፤ አንዱ የሰማይ፣ አንዱ የዋልታ። ልጁ ሚሎስ ከምትባል የኢንዱስትሪ ከተማ በታላቅ የአየር መርከብ ተነሥቶ በሰሜን ዋልታ ወዳለችው አርሚሊያ ይጓዛል፤ የተበላሸ ሥርዓት የሚያስተካክል ምሥጢራዊ ቀመር ተሸክሟል። በመንገዱ ከተማ ከከተማ ከላይ እያየ ያልፋል። ቀለሙ ለስላሳ ነው፣ አድማሱ ሰፊ ነው፣ አንባቢም እንደ ልጁ ይንሳፈፋል።

በመጨረሻ ግን ልጁ ከሚሎስ እንዳልወጣ እንረዳለን። በፋብሪካ ውስጥ ከሚሠሩት ሕፃናት አንዱ ነው። ጉዞው ተደብቆ ሲያነበው የነበረ መጽሐፍ ነው። ያ ሁሉ ሰማይ በማሽን ሥር ከተቀመጠ ልጅ ራስ ውስጥ ነው የወጣው።

ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጨረሻው ላይ ደርሼ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ፤ ያ የሚያምር መርከብ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ማሽኑ አሁንም ያምራል፤ ውበቱ አልተነጠቀም። ማን እንደሚያዞረው ግን አውቄአለሁ። ለሥዕላዊ ልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ስብከት የለም፤ ልጁን ያሳየናል፣ ዝም ይላል።

ስለ ከተማው ትንሽ ልበል። ብራስልስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ራሷን ያረሰች ከተማ ናት። 1835 ላይ በአውሮፓ አህጉር ላይ መንገደኛ የጫነ የመጀመሪያው የሕዝብ የእንፋሎት ባቡር ከእሷ ተነሥቶ ሜኸለን ገባ። ከ1867 እስከ 1871 በመሀሏ የሚያልፈውን ሴን የተባለ ወንዝ ከድና በላዩ ሰፋፊ መንገዶች ዘረጋች፤ ከፓሪሱ ሴን ጋር በስም ቢመሳሰልም ሌላ ወንዝ ነው። አርክቴክቱ ዦዜፍ ፑላርት የነደፈው የፍትሕ ቤተ መንግሥት በ1866 ተጀምሮ በ1883 ሲያልቅ፣ ቦታ ለመልቀቅ የድሆች ሠፈር ፈርሶለት ነበር፤ በብራስልስ ሰፈርተኞች አፍ «ጠማማ አርክቴክት» ስድብ ሆኖ የቀረው ከዚያ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ መዶሻው ዞሮ በራሱ በ19ኛው ላይ አረፈ። ቪክቶር ኦርታ በብረትና በመስታወት የሠራውና 1899 ላይ የተመረቀው የሕዝብ ቤት 1965 ላይ ፈረሰ። ስኩይተን ያኔ ገና ልጅ ነበር። 1992 ላይ የወጣው «ብሩዝል» የዚህ ሁሉ መራራ ፍሬ ነው፤ ጀግናው አበባ ሻጭ ነው፣ ዘመናዊ መሆን ፈልጎ በሱቁ የፕላስቲክ አበባ ይሸጣል፣ በዙሪያው ከተማው ይፈርሳል።

ወደምወደው መጽሐፍ ደረስኩ። 2012 ላይ ስኩይተን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጸሐፊ፣ ብቻውን፣ በጥቁርና በነጭ አንድ መጽሐፍ ሠራ፤ «ላ ዱስ» ይባላል። በፈረንሳይኛ «ለስላሳዋ» ማለት ነው፤ ድምፁ ደግሞ 12 ከሚለው ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ለስላሳዋም አሥራ ሁለተኛዋም አንዲት ሎኮሞቲቭ፣ ባቡር የምትጎትት ማሽን ናት፤ የቤልጂግ ምድር ባቡር ዓይነት 12፣ ቁጥር 12.004።

ይህች ማሽን በምናብ አልተፈጠረችም። የዚህ ዓይነት ስድስት ሎኮሞቲቮች ብቻ ተሠሩ፤ 1939 ላይ በሐዲድ ላይ ነበሩ። የሚነዱ ጎማዎቻቸው 2 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፤ አብዛኛው ሰው አጠገባቸው ቢቆም ቁመቱ አይደርስባቸውም። በሙከራ ጉዞ በሰዓት 165 ኪሎ ሜትር ደርሰዋል። ገላቸው ነፋስ እንዲሰነጥቅ ሆኖ በለሰለሰ የብረት ካባ ተሸፍኗል። ልብ በሉ፤ ከብራስልስ አንትወርፐን የሚወስደው መሥመር 1935 ላይ ኤሌክትሪክ ገብቶለት ነበር። መጪው ጊዜ የማን እንደሆነ ታውቋል። እንፋሎት ግን እጁን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጊዜ ሮጠ፤ የነገን ልብስ ለብሶ፣ ከበፊቱም ፈጥኖ። ስቲምፓንክ «እንፋሎት ባይሞት ኖሮ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚያ መሐንዲሶች ጥያቄውን በብረት መልሰውታል። 1962 ላይ ከሥራ ወጡ።

በመጽሐፉ ውስጥ ነጂው ሌዮን ቫን ቤል ይባላል። ውኃ ምድሩን እየዋጠው ነው፤ ሐዲዱ እየተተወ በሰማይ ላይ በሽቦ የሚሄድ ማመላለሻ ቦታውን ይዟል። ቫን ቤል ማሽኑን አሳልፎ ለመስጠት እምቢ አለ። ደበቃት፤ ተገኘችበት፤ ወሰዱበት። ከዚያ ቃል ከማትናገር ኤልያ ከተባለች ወጣት ጋር ወደ ቁርጥራጭ ብረት ማከማቻው ማሽኑን ሊፈልግ ወጣ።

አንድ ሰው ባቡር ለማዳን ዕድሜውን ሲያጠፋ ማንበብ ለምን ያንገበግባል? ማሽኗ ዝም ብላ የምትታዘዝ ዕቃ ስላልሆነች ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቁልፍ ተጭነው የሚያስነሱት ነገር አይደለም። ቀድሞ እሳት መለኮስ አለበት፤ ውኃው እስኪፈላና ግፊቱ እስኪሞላ ሰዓታት ይፈጃል። ነጂና እሳት አቀጣጣይ ድምጿን እየሰሙ፣ ውኃዋን እየለኩ፣ ድንጋይ ከሰሉን እያመጣጠኑ ይኖራሉ። ከብት የሚያረባ ሰው የላሙን ትንፋሽ እንደሚያውቅ ያውቋታል። ስኩይተን የሣለው ይህንን ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱም ከማሽኗ ጋር አብሮ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ማከማቻ ሊጣል ነው። እዚህ መጽሐፍ ላይ ጭረቱ ራሱ ሐዘን ይሆናል። የብረት ካባዋን ጥላ ለመሥራት ስንት ጭረት እንደፈጀ ስታዩ፣ ነጂው በጨርቅ ሲወለውላት ያጠፋውን ጊዜ ሠዓሊው በብዕር መልሶ የከፈለ ይመስላችኋል።

እውነተኛዋ 12.004 አልተጣለችም። ብራስልስ አጠገብ ስካርቤክ ውስጥ፣ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ጎን፣ 2015 ላይ «ትሬን ወርልድ» የተባለ የባቡር ቤተ መዘክር ተከፈተ፤ አዳራሾቹን የነደፈው ስኩይተን ነው። ማሽኗ አሁን እዚያ ቆማለች። ቫን ቤል በወረቀት ላይ ለተሟገተላት ማሽን፣ ሠዓሊው በብርሃንና በጥላ ቤት ሠራላት።

2023 ላይ ስኩይተንና ፔተርስ ወደ ኔሞ ተመለሱ። በቬርን ታሪክ ውስጥ ግዙፍ ኦክቶፐሶች ናውቲሉስን ይይዟታል፤ ከመካከላቸው የአንዱ መንጋጋ በማሽከርከሪያው ምላስ ውስጥ ተሰንቅሮ ማሽኗ ትቆማለች። በአዲሱ መጽሐፍ ግን ኔሞ የሚነቃው ግማሽ ማሽን፣ ግማሽ ኦክቶፐስ በሆነ ነገር ውስጥ ነው። ማሽኗን አቁሟት የነበረው ፍጥረት አሁን እግሯ ሆኗል። እኔ በዚህ ሥዕል ላይ ቀናት አሳልፌአለሁ፤ ብረቱ የት እንደሚያልቅ፣ ሥጋው የት እንደሚጀምር ጭረቱን እየተከተልኩ ፈለግሁ። አንዱ ክንድ ላይ ስፌቱን አገኘሁ ባልኩ ቁጥር ጭረቱ ሳይቋረጥ ያልፋል።

መጽሐፎቹን ከኋላ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ደርድሬአቸዋለሁ፤ ሁለት አጉሊ መነጽሮችም አሉ። ገጽ ስትገልጡ ጠርዙን ይዛችሁ ግለጡ። ላ ዱስን ከጎማዎቿ ጀምሩ። ከዚያ ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።